ዝም ያለ ሕዝብ የተስማማ ሕዝብ አይደለም

በግንቦት 2007 በተካሄደው አምስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋር ድርጅቶቹ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫዎች አንድም ሳይቀር ወሰዱ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ሁለት ወንበር አምልጧቸው ነበር፤ አንዱን መድረክ፣ ሌላውን አንድ የግል ተወዳዳሪ ይዘውት ቆይተዋል። በ2007 እነዚያም ተጠቃለሉ። ከተማው ጸጥ ብሎ ነበር፤ ገበያውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ታክሲውም እንደ ወትሮው ይሠራል። ያንን ጸጥታ ያየ ባለሥልጣን ሕዝቡ ከእኔ ጋር ነው ብሎ ቢያምን አይደንቅም።

አዲሱ ምክር ቤት ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ ኅዳር 2008 ላይ፣ በጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ተቃውሞው የኦሮሚያን ከተሞች አዳረሰ። ሐምሌ ላይ ጎንደር፣ ነሐሴ ላይ ባሕር ዳር ተከተሉ። መስከረም 2009 ቢሾፍቱ ላይ የኢሬቻ በዓል የሐዘን ቀን ሆነ፤ በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የካቲት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከሥልጣን ለመልቀቅ ጥያቄ አቀረቡ። አንድም የተቃዋሚ ተወካይ ካልገባበት ምርጫ እስከዚያች ቀን ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ይህንን የማስታውሰው ያለፈን መንግሥት ለመውቀስ አይደለም። በዚያ ምክር ቤት ውስጥ ተቃውሞ አልነበረም፤ አገሩ ውስጥ ግን ሞልቶ ነበር። በየቤቱ፣ በየቡና ማፍያው፣ በየታክሲው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የሚናገርበት ቦታ ስላላገኘ ብቻ የሌለ መሰለ። ዛሬም ብዙ ሰው «እኔ ፖለቲካ አይመለከተኝም» ሲል ስሰማ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። የእኛ ዝምታ ከመንግሥት ጋር መስማማትም፣ ሰላምም ሆኖ አያውቅም። ተቃውሞ እየተከማቸ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ ሲወጣ ደግሞ አገር ይዞ ይወጣል።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተምር ነበር። ትምህርቱ ዐሥራ አንድ ምዕራፎች ነበሩት። ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታና ከሕግ የበላይነት ይጀምራል፤ በእኩልነት፣ በፍትሕ፣ በአገር ፍቅር፣ በኃላፊነት፣ በታታሪነት፣ በራስ መተማመንና በቁጠባ አልፎ ዐሥረኛው ላይ ንቁ ተሳትፎ ይደርሳል። ተማሪዎቼ ያንን ምዕራፍ በደንብ ያጠኑታል። ፈተና ላይ «ዜጋ በአገሩ ጉዳይ መሳተፍ ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ስጠይቅ ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ፤ ሙሉ ነጥብም እሰጣለሁ። ከዚያ ደግሞ «የትምህርት ቤታችን ቧንቧ ከተበላሸ ቆየ፤ ማን ነው ለወረዳው ደብዳቤ የሚጽፍ?» ስል ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ይደፋል። አንድ ጎበዝ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ተከትሎኝ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ እናቴ ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ ትላለች» አለኝ።

ያቺን እናት አውቃታለሁ። በአካል ባላገኛትም አውቃታለሁ፤ የእኔም እናት እንደዚያው ነበረች። ቀይ ሽብር ሲታወጅ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። እናቴ የታላቅ ወንድሜን መጻሕፍት አንድ ሌሊት ምጣድ ሥር ማገደቻቸው። እንዳሉ ሲገቡ አልነድ እያሉ ቤቱን በጢስ ስለሞሉት፣ ገጽ በገጽ እየገነጠለች ነበር የምትጨምራቸው። ሽፋኖቹን ለብቻ ቆራርጣ አመድ እስኪሆኑ ጠበቀች። በዚያ ሌሊት የጋገረችውን እንጀራ ጠዋት በላን፤ ማንም ምንም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ መንግሥት ክፉም ደግም ተወርቶ አያውቅም። ያ ጊዜ አስከሬን መንገድ ላይ ተጥሎ የሚያድርበት፣ ወላጅ የልጁን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈል የሚባልበት ጊዜ ነበር። እናቴ ፈሪ አልነበረችም፤ ያየችውን ታውቃለች። ያወቀችውን ደግሞ ለልጆቿ አወረሰች።

የእኔ ተማሪዎች ወላጆች ያዩትም አለ። በ1997 ዓ.ም. ይህ ሕዝብ ግዴለሽ አልነበረም። የፓርቲዎቹን ክርክር በቴሌቪዥን ለመከታተል ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር። ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ በተቃዋሚው ቅንጅት ሰልፍ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ግንቦት 7 ቀን ምርጫ ጣቢያ ሳይከፈት በጨለማ የተሰለፉ አሮጊቶችን አይቻለሁ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ካርዳቸውን መሐረብ ውስጥ ቋጥረው። አዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮቿን ለቅንጅት ሰጠች። ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ጎዳና ላይ ደም ፈሰሰ፤ ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሟች ሲቪሎችን ቁጥር 193 አደረሰው። የተመረጡ ሰዎች ወደ ምክር ቤት በመግባት ፈንታ ወህኒ ወረዱ። ያቺ ካርዷን በመሐረብ የቋጠረች እናት ልጇን «አርፈህ ተማር» ብትለው ምን ይደንቃል?

ቀጥሎ ለዝምታው ሕግ ወጣለት፤ መዋቅርም ተዘረጋለት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ ላይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ አገደ፤ አብዛኞቹ ተዳከሙ ወይም ሥራቸውን ቀየሩ። በዚያው ዓመት የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ጋዜጠኛም ጦማሪም ይከሰስበት ጀመር። በየመንደሩና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ለአምስት ተደራጁ ተባለ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያይበት ዓይን ተተከለ። ሁለቱም አዋጆች ከ2010 ወዲህ ተሽረው በሌላ ተተክተዋል። በሰው ልብ ውስጥ የተተከለው ፍርሃት ግን በነጋሪት ጋዜጣ አይሻርም።

እንግዲህ ግዴለሽነት የምንለው ከስንፍና የመጣ አይደለም። ሰዎች ሞክረው፣ ከፍለው፣ አይተው የደረሱበት ነው። ምክንያት አለው ማለት ግን ይበጀናል ማለት አይደለም። «ሐበሻ ሲፈጥረው ዝም ባይ ነው፤ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ያደገ ሕዝብ መቃወምን ከየት ያመጣዋል?» የሚሉኝን ሰዎችም አልቀበላቸውም። እነዚህን ሰዎች በሰፈራችን የእድር ስብሰባ ላይ አንድ እሑድ ላስቀምጣቸው እወዳለሁ።

ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ያነባል። ገና ሳይጨርስ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ይነሣሉ፤ «ለድንኳን ማሳደሻ ወጣ ያልከው ደረሰኙ የታለ?» ይሉታል። ደረሰኙ ይወጣል፤ መነጽራቸውን አድርገው ያነቡታል፤ «ይኼ የሸራ ነው፣ የገመዱስ?» ይላሉ። አንዲት እናት ደግሞ ባለፈው ለቅሶ ከወጡት ሳህኖች ስንቱ እንደተመለሰ ትጠይቃለች፤ ቁጥሩ ከመዝገብ ጋር ካልገጠመ ንብረት ክፍሉ ወዮለት። ሊቀመንበሩ ይቆጣል፤ ሰብሳቢ ነኝና ሥነ ሥርዓት ይከበር ይላል። ሽማግሌው አይቀመጡም። «ያስቀመጥንህ እኛ ነን» ይሉታል። ጉዳዩ በድምፅ ይወሰናል፤ የሥራ ዘመኑ ሲያልቅም ሌላ ሰው ይመረጣል። የወረደው ሊቀመንበር በሚቀጥለው ወር መዋጮውን ይዞ መጥቶ እንደማንኛውም አባል ይቀመጣል። እርሱ ራሱም ጥያቄ ያነሣል። እስከ ዛሬ ድረስ የገመድ ደረሰኝ ስለጠየቀ ፀረ እድር የተባለ ሰው አላየሁም።

እነዚያኑ ሰዎች በሌላ ቀን በወረዳው አዳራሽ አገኛቸዋለሁ። የታሸገ ውሃ ታድሏል፤ የውይይት መነሻ ሰነድ ተነቧል። «አስተያየት፣ ጥያቄ ያለው» ሲባል ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ያያሉ፤ ያቺ እናት የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። አስቀድመው የሚታወቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ተነሥተው ያመሰግናሉ፤ ይጨበጨባል፤ ስብሰባው በስኬት ተጠናቀቀ ይባላል። ከበሩ ውጭ ግን ሰው በሦስት በአራት ሆኖ ቆሞ እውነተኛውን ስብሰባ ያካሂዳል። ስለ ዘይቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለሚፈርሰው ቤት፣ ተዋጥቶ ስለቀረው ገንዘብ የሚነገረው እዚያ ነው።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። እድር ላይ የጠየቀ ሰው መልስ ያገኛል፤ የሚጠይቀውን ሰው ማውረድ እንደሚችልም ያውቃል። ወረዳ ላይ ግን መታወቂያው የሚታደሰው እዚያ ነው፤ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ውል እዚያ ነው፤ ስኳርና ዘይት በሸማቾች የሚያገኘው፣ ሴፍቲኔት የሚመዘገበው፣ ልጁ ሥራ ሲፈልግ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት እዚያው ነው። ኑሮው በሙሉ በአንድ መስኮት በኩል የሚያልፍ ሰው ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለውን ሰው መቆጣት ይከብደዋል። ይህ የባሕል ጉዳይ አይደለም። በአንድ ሳምንት ውስጥ በባሕሉ ተቃዋሚም ዝምተኛም የሚሆን ሕዝብ የለም።

ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ የእድሩን ሽማግሌ እንዴት ወደ ወረዳው አዳራሽ እናስገባቸው የሚለው ነው። ሊሆን እንደሚችል በሰፈራችን አይቻለሁ። የምንኖረው ተዳፋት ላይ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ከታች ያሉ ቤቶች ውስጥ ይገባል። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይሠራል ተብሎ በየቤቱ ገንዘብ አዋጣን፤ ደረሰኝ ተሰጠን። ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፤ ቦይ የለም። ጥቂት ሰዎች ሆነን ለወረዳው አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። «ጉዳዩ፦ ለጎርፍ መውረጃ የተዋጣ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ስለመጠየቅ» ይላል። ስድብ የለበትም፤ ክስም የለበትም። የደረሰኞቹን ፎቶ ኮፒ አያያዝን።

ከባዱ ፊርማው ነበር። «ስሜን አታስገቡኝ እንጂ በሐሳብ ከእናንተ ጋር ነኝ» ያለን ሰው ብዙ ነው። አንድ ጎረቤቴ፣ በጎ ሰው፣ «እትዬ፣ ጎመን በጤና» አለኝ። ቀድመው የፈረሙት ማንበብ የማይችሉ አንዲት ባልቴት ናቸው፤ ጎርፉ የሚገባው እሳቸው ቤት ነው፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሳረፉ። የእድሩ ሽማግሌ ይህንን አይተው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለው ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ሌላው ተከተለ። መዝገብ ቤት የነበረችው ልጅ ደብዳቤው ማኅተም የለውም ብላ አልቀበልም አለች። ነዋሪ ማኅተም እንደማያስፈልገው በትሕትና አስረድተን፣ ገቢ አድርጊልንና ቁጥሩን በግልባጩ ላይ ጻፊልን አልናት። ጻፈች። መልስ ሲጠፋ ያንን ቁጥር ጠቅሰን፣ ለክፍለ ከተማው ግልባጭ አድርገን ሁለተኛ ደብዳቤ አስገባን። አንድ ኃላፊ ሰፈር ድረስ መጥቶ ገንዘቡ ለሌላ ሥራ እንደዞረ በሰው ፊት ተናገረ። በሚቀጥለው በጋ የቦዩ ግማሽ ተሠራ።

ግማሽ ቦይ ነው፤ ከዚያ በላይ ላሳምረው አልፈልግም። ሆኖም በዚያ ወረቀት ላይ የፈረሙ ሰዎች ፈርመው ማደራቸውን፣ መታወቂያቸው መታደሱን፣ ዘይታቸው አለመቅረቱን አይተዋል። ቀሪውን ግማሽ ሲጠይቁ ማንም አልቀሰቀሳቸውም። በአገር ደረጃ የጎደለን ይህ ልምድ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኛ የምናውቃቸው የፖለቲካ ጠባዮች ሁለት ናቸው፤ ወይ ዝም እንላለን፣ ወይ ሁሉም ይውረድ እንላለን። በመካከሉ ያለውን ሰፊ ሜዳ አልለመድነውም። በ1966 ዓ.ም. የሆነውን እናስብ። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መምህራን የመንግሥትን የትምህርት ዘርፍ ጥናት ተቃውመው ወጡ፤ የሠራተኛ ማኅበራት አጠቃላይ አድማ መቱ፤ ሚያዝያ ላይ ሙስሊሞች እኩልነት ይከበርልን ብለው ሲሰለፉ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ወጡ። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ፤ በመስከረም 1967 ንጉሠ ነገሥቱም ወረዱ። ሕዝቡ ድምፁን አሰምቷል። ግን ለረጅም ዘመን ፓርቲ ማቋቋም በማይቻልበት፣ ፓርላማው ያለ ፓርቲ በሚመረጥበት አገር፣ ያንን ድምፅ ይዞ የሚቆም የተደራጀ ኃይል አልነበረም። ተደራጅቶ፣ ታጥቆና በየክፍለ ሀገሩ ተዘርግቶ የተገኘው ሠራዊቱ ብቻ ነበር። ሥልጣኑን ደርግ ወሰደው።

በ2010ም ቢሆን መልኩ ይለይ እንጂ ነገሩ ይመሳሰላል። በሩን ያስከፈተው የጎዳናው ተቃውሞ ነው። በበሩ ማን እንደሚገባ የወሰነው ግን 180 አባላት ያሉት የኢሕአዴግ ምክር ቤት በዝግ ስብሰባ ነበር። ሕይወቱን የሰጠው ወጣት በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም ወንበር አልነበረውም። ሕዝባዊ ቁጣ ገዢን ሊያወርድ ይችላል፤ ቀጣዩን መምረጥ፣ ቃሉን እንዲጠብቅ መያዝ፣ ሲያጠፋ ማረም ግን አይችልም። ለዚያ የሚያስፈልገው የየዕለት ተቃውሞ ነው፤ ስሙ የሚታወቅ፣ ጥያቄው የተጻፈ፣ ነገም ተመልሶ የሚመጣ ተቃውሞ።

እንዲህ ያለውን በቅርብ ዘመን በግልጽ ያሳየን «ድምፃችን ይሰማ» ነው። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት ተነሥቶ የተስፋፋው የሙስሊሞች እንቅስቃሴ ጥያቄው ውስንና ግልጽ ነበር፤ የመጅሊስ አመራር በነፃ ምርጫ ይመረጥ፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፣ አወሊያ ይመለስልን። ኮሚቴ መረጠ፤ ኮሚቴው ከመንግሥት ጋር ተነጋገረ። አባላቱ ሲታሰሩ እንቅስቃሴው በየዓርቡ በሰላም ቀጠለ። በ2007 ክረምት ፍርድ ቤት ከ7 እስከ 22 ዓመት ፈረደባቸው፤ በኋላ ግን ሁሉም ተፈቱ፤ በ2012 ዓ.ም. መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ዋጋው ከባድ ነበር። ሆኖም የጠየቁትን አውቀው ስለጠየቁ፣ ያገኙትንና የቀራቸውንም ያውቁታል። በግንቦት 2017 ደግሞ የጤና ባለሙያዎች በደመወዛቸውና በሥራ ሁኔታቸው ላይ ያላቸውን ጥያቄ ዘርዝረው አቀረቡ፤ መልስ ሲያጡ ሥራ አቆሙ፤ ከመካከላቸው የታሰሩ አሉ። «አርፈህ ተማር» ተብለው ያደጉ፣ ከክፍላቸው አንደኛ የወጡ ልጆች ናቸው። ስማቸውን ይዘው ወጥተው መናገራቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ሁለት ነገር ይነግሩኛል፤ ሁለቱም ቀላል አይደሉም። አንደኛው «አገር በጦርነት እየቆሰለች ባለችበት ጊዜ መንግሥትን መቃወም እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው» የሚል ነው። በትግራይ የተካሄደው ጦርነት በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ ያደረሰውን እናውቃለን፤ በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች ሰው በጥይት መካከል እየኖረ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ጦርነቱን ያመጣው የወረዳ ሰዎች ደብዳቤ መጻፋቸው ነው ወይ? ጠመንጃ ያነሣ ሁሉ አስቀድሞ በቃል ሞክሮ ነበር አልልም። የምለው፣ በቃል የሚጠየቅበት ቦታ በጠበበ ቁጥር በጠመንጃ እንጠይቅ የሚለው ሰው ሰሚ ይበዛለታል ነው። ለሰላም የሚቆረቆር ሰው ከሁሉ በፊት ሊከላከለው የሚገባ ሰው ቢኖር፣ እጁን አውጥቶ በጨዋ ቃል «አልተስማማሁም» የሚለውን ነው።

ሁለተኛው «ተቃዋሚዎቹስ ምን ረቡን?» የሚል ነው። ይከፋፈላሉ፣ ለምርጫ ሰሞን ብቻ ይታያሉ፣ ሥልጣን ሲሰጣቸው ዝም ይላሉ ይባላል። ብዙው እውነት ነው። ሰኔ 2013 ላይ ብልጽግና ፓርቲ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410 ሲወስድ፣ ምክር ቤት የገቡት ተቃዋሚዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ መቃወም የፓርቲዎች የግል ርስት አይደለም። ፓርቲ የሚጠነክረው ጠያቂ አባል ሲኖረው ነው። እድራችን ጠንካራ የሆነው ሊቀመንበሩ መልአክ ስለሆነ አይደለም፤ ሽማግሌው ስለማይቀመጡ ነው። የምንቃወመው ፓርቲ ብቻ ሳይሆን የምንደግፈውም ፓርቲ የገመዱን ደረሰኝ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሕጉ ከምናስበው በላይ ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ማንኛውም ኃላፊና ተመራጭ ተጠያቂ እንደሆነ፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 30 በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። በ1983 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ሰልፍ ሊያደርግ ያሰበ ሰው 48 ሰዓት ቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ነው የሚጠይቀው፤ ፈቃድ ይለምን አይልም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ወረቀት ላይ ያለው መብት መንገድ ላይ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ግን ማንም ካልጠየቀበት መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም።

ሥልጣን ላይ ላላችሁ ሰዎች የምለው አለኝ። ጸጥ ያለ አዳራሽ አያስደስታችሁ። በ2007 የተቀመጡት 547 ሰዎችም አዳራሻቸው ጸጥ ያለ ነበር። የሚጠይቃችሁን ሰው ስሙን መዝግባችሁ ለጸጥታ ክፍል ስታስተላልፉ፣ ነገ የሚመጣባችሁን ነገር ቀድሞ ሊነግራችሁ የሚችለውን ብቸኛ ሰው እያባረራችሁ ነው። ለውጥ ከፈለጋችሁ ከትንሹ ጀምሩ። መታወቂያና ዘይት የሚሰጠውን እጅ ካድሬ ከሚመዘግበው እጅ ለዩት። ለተጻፈ ጥያቄ የተጻፈ መልስ ስጡ። የበጀት ውይይት ስትጠሩ ካመሰገነው ሰው ይልቅ የጠየቀው ሰው ይበልጥ ይናገር።

የዕድሜ እኩዮቼን፣ የዚያችን መጽሐፍ ያነደደች እናት ልጆች፣ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ለልጆቻችን ያወረስነው ፍርሃት ሕይወታቸውን ለማትረፍ ነበር፤ በፍቅር ነው ያወረስነው። አሁን ግን በቤታችን ውስጥ መንግሥትን ስናማ ይሰሙናል፤ ከቤት ስንወጣ ስናጨበጭብ ያዩናል። ከዚህ የሚማሩት ጥንቃቄ አይደለም፤ ቃልና ተግባር እንደሚለያዩ ነው። ልጅህን ከአደጋ ጠብቅ፤ ደብዳቤ ሲጽፍ ግን አጻጻፉን አሳየው። ሰልፍ ላይ ድንጋይ እንዳያነሣ ምከረው፤ ስሙን እንዳይደብቅም ምከረው። ከነገሩ ጦም እደሩ የሚለው ምክር ለአንድ ሌሊት ያገለግላል፤ ዕድሜ ልክ ግን በጦም አይታደርም።

ለአንባቢዎች የምጠይቀው የጀግና ሥራ አይደለም። በሚቀጥለው የወረዳችሁ ስብሰባ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ የምታውቁትን፣ ደረሰኝ ያላችሁን፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን። ለብቻችሁ ከሆነ ከባድ ነውና ሁለት ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። እጃችሁን አውጡ፤ ስማችሁን ተናገሩ፤ በቁጣ ሳይሆን በቁጥር ጠይቁ። መልስ ካላገኛችሁ በጽሑፍ አስገቡ፤ የመዝገብ ቁጥር ሳትይዙ አትውጡ። የሚጠይቅ ሌላ ሰው ሲነሣም ባርኔጣችሁን አትዩ፤ «እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቀው» በሉ። ያ ሰው ብቻውን ከቀረ ነገ ማንም አይነሣም፤ ሁለተኛ ሰው ከጎኑ ከቆመ ግን ሦስተኛው ይመጣል።